የትምህርት ቤቶች ጉድኝት

የትምህርት ቤቶች ጉድኝት (ክላስተር ተብሎም ይጠራል) በአንድ አካባቢ የሚገኙ ጎረቤት ትምህርት ቤቶች በአንድ ማዕከል ዙሪያ ተደራጅተው ልምዳቸውን፣ የማስተማሪያ መሣሪያዎቻቸውንና የመምህራኖቻቸውን ዕውቀት የሚጋሩበት አሠራር ነው። በኢትዮጵያ የአንደኛ ደረጃ መምህራን ከሥራቸው ሳይለዩ ሙያቸውን ከሚያሻሽሉባቸው ዋና ዋና መንገዶች አንዱ ነው።

አመጣጥ

ትምህርት ቤቶችን በቡድን የማደራጀት ሐሳብ በተለያዩ አገሮች በተለያየ ጊዜ ተሞክሯል። በቦሊቪያ እ.ኤ.አ. በ1931 በዋሪሳታ መንደር የተመሠረተው ትምህርት ቤት በዙሪያው ያሉትን ትናንሽ የገጠር ትምህርት ቤቶች የሚደግፍ ማዕከል ሆኖ ነበር። በህንድም እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1966 የሠራው የኮታሪ ኮሚሽን ጎረቤት ትምህርት ቤቶች ተባብረው እንዲሠሩ ሐሳብ አቅርቧል። የሁለቱም መነሻ ተመሳሳይ ነው፤ ትንሽ የገጠር ትምህርት ቤት ብቻውን ሊያሟላው የማይችለውን ነገር ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ ሊያገኘው ይችላል።

በኢትዮጵያ አሠራሩ የተስፋፋው የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ በኋላ ነው። ፖሊሲው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ በመፍቀዱ ብዙ መምህራን በአዲስ የማስተማሪያ ቋንቋና በአዲስ መጽሐፍ መሥራት ጀመሩ። ጎረቤት ትምህርት ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚያስተምሩት በአንድ ቋንቋ ስለሆነ ችግራቸውም ተቀራራቢ ነው።

አደረጃጀት

በአንድ ጉድኝት ውስጥ አንዱ ትምህርት ቤት የጉድኝት ማዕከል ይሆናል፤ በዙሪያው ያሉት ሳተላይት ትምህርት ቤቶች ይባላሉ። ማዕከሉ የሚመረጠው ሌሎቹ በቀላሉ ሊደርሱበት በሚችሉበት ቦታ ነው። በማዕከሉ መጻሕፍትና የትምህርት መርጃ መሣሪያዎች ይቀመጣሉ፣ የጋራ ስብሰባና ሥልጠናም ይካሄዳል። የጉድኝት ሱፐርቫይዘር በትምህርት ቤቶቹ እየተዘዋወረ ክፍል ገብቶ ይመለከታል፣ ርእሰ መምህራንንና መምህራንን ይደግፋል፣ ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጋርም ያገናኛቸዋል።

ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ

በጉድኝት ውስጥ ትልቁን ቦታ የሚይዘው ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ (ተሙማ) ነው። ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ማዕቀፍ መሠረት አንድ መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ለሙያ ማሻሻያ እንዲያውል ይጠበቃል። ሥራው አራት ደረጃዎች አሉት፤ እነርሱም ችግሩን መለየት፣ ማቀድ፣ መተግበርና መገምገም ናቸው። አዲስ የተቀጠረ መምህር በአማካሪ መምህር እየተረዳ የሁለት ዓመት የሙያ ትውውቅ ያደርጋል። መምህሩ የሠራውን ሁሉ በፖርትፎሊዮ ይይዛል።

የጋራ ሥራ ምሳሌ

በትንሽ ሳተላይት ትምህርት ቤት አንድን የትምህርት ዓይነት በአንድ የክፍል ደረጃ የሚያስተምረው መምህር አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል። በዚያው ትምህርት ላይ ሊያማክረው የሚችል ባልደረባ የሚያገኘው በሌላ ትምህርት ቤት ነው።

ለምሳሌ አንድ የሂሳብ መምህር ተማሪዎቹ 1/4 ከ1/3 ይበልጣል እንደሚሉ ቢያስተውል፣ ምክንያቱ 4 ከ3 ስለሚበልጥ መስሏቸው እንደሆነ ይገምታል። የተማሪዎቹን ደብተሮች ይዞ ወደ ጉድኝቱ ስብሰባ ሲሄድ የሌሎች ትምህርት ቤቶች መምህራንም ያንኑ ስሕተት እንዳዩ ይረዳል። አብረው አንድ ትምህርት ያቅዳሉ፤ ሁለት እኩል ወረቀቶችን እንደ እንጀራ ቆጥረው አንዱን ለሦስት፣ ሌላውን ለአራት እኩል በማጠፍ ሲሶና ሩብን ጎን ለጎን ማሳየት ይወስናሉ። ከመካከላቸው አንዱ ሲያስተምር ሌሎቹ ከኋላ ተቀምጠው ተማሪዎቹ የት ላይ እንደሚደናገሩ ይመዘግባሉ። ከዚያ ተወያይተው ዕቅዱን ያሻሽላሉ፤ እያንዳንዱም በየትምህርት ቤቱ ይሞክረዋል። በጃፓን ለረጅም ዘመን የቆየው የትምህርት ጥናት የሚባለው ልማድም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ የሚጠናው መምህሩ ሳይሆን ትምህርቱ ነው።

ችግሮች

የመጀመሪያው ችግር ርቀት ነው። መንገድ በሌለበት ገጠር ከሳተላይት ትምህርት ቤት ወደ ማዕከል በእግር ረጅም ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ወንዝ ይሞላል። በዚህ ምክንያት የተሻለ መሣሪያ ያለው ማዕከሉ ብዙ ሲጠቀም፣ ይበልጥ የሚቸገሩት ሩቅ ትምህርት ቤቶች ትንሽ ያገኛሉ። ለዚህ አንዱ መፍትሔ ስብሰባውን በየተራ በየትምህርት ቤቱ ማድረግ ነው።

ሁለተኛው የድጋፍና የቁጥጥር መደባለቅ ነው። በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶችን ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 የሚመድበው ኢንስፔክሽን ሲሆን የሱፐርቪዥን ዓላማ መደገፍ ነው። ሆኖም ክፍል የገባው ሰው ለውጤት ምዘና እንደመጣ የሚያስብ መምህር ድክመቱን አያሳይም፤ ያልታየ ድክመት ደግሞ አይታገዝም።

ሦስተኛው የወረቀት ሥራ ነው። 60 ሰዓቱ መሙላቱና ፖርትፎሊዮው መወፈሩ ብቻ ከታየ፣ መምህሩ ክፍሉ ውስጥ ምንም ሳይለውጥ ቅጹን ሊያሟላ ይችላል። ከላይ ባለው ምሳሌ የጉድኝቱ ሥራ መሳካቱ የሚታወቀው በቅጹ ሳይሆን፣ ተማሪዎቹ ሲሶ ከሩብ እንደሚበልጥ በራሳቸው አነጋገር ማስረዳት ሲችሉ ነው።