ስለ ንግድ ትምህርት ተማሪዎችና ስለ ሰው ትውውቅ

ልጅን አስተምሮ ለቁም ነገር ማብቃት የወላጅ ሁሉ ምኞት ነው። ነገር ግን ልጁ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ የምስክር ወረቀቱን በእጁ ከያዘ በኋላ የሚገባበትን በር ማወቅ ሌላ ትምህርት ነው፤ ይህም ትምህርት በመጽሐፍ ብቻ አይገኝም። በተለይም የሒሳብ አያያዝን፤ የባንክን፤ የንግድንና የአስተዳደርን ትምህርት የሚማሩ ልጆች ሥራቸው ሁሉ ከሰው ጋራ ስለ ሆነ፤ ሰውን ማወቅና በሰው ዘንድ መታወቅ የሙያቸው አንዱ ክፍል ነው። ስለዚህ ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን ለወላጆችም ለተማሪዎችም ይጠቅማል ብለን ያሰብነውን እናቀርባለን።

የንግድ ትምህርት በከፍተኛ ትምህርት ቤት መሰጠት ከጀመረ እጅግ ረዥም ዘመን አይደለም። ቀድሞ የነጋዴ ልጅ ሙያውን የሚማረው በአባቱ ሱቅ ወይም በሌላ ነጋዴ ዘንድ ገብቶ ሲያገለግል ነበረ፤ ሚዛን መያዝን ሲማር ደንበኛውንም አብሮ ያውቅ ነበር። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1819 በፓሪስ ከተማ ከፍተኛ የንግድ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በአሜሪካም ጆሴፍ ዋርተን የሚባል ባለ ፋብሪካ 100,000 ዶላር ሰጥቶ በ1881 በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የንግድ ትምህርት ቤት አቆመ። በአገራችንም የአዲስ አበባ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በዚያው አቆጣጠር በ1943 ተመሠረተ። ትምህርቱ ከሱቅ ወደ ክፍል ሲዛወር ዕውቀቱ ሰፋ፤ ጠለቀም። ዳሩ ግን ተማሪው ከነጋዴውና ከደንበኛው ጋራ በየቀኑ የሚገናኝበት ነገር ቀረ። ይህንን የጎደለውን ዛሬ ተማሪው በራሱ ትጋት ሊሞላው ይገባዋል።

የአገራችን ሰው «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይላል። ሐዘንና ሕመም በመጣ ጊዜ ይህ ቃል እውነት መሆኑን ሁላችንም አይተናል። ሥራን በመፈለግ ረገድ ግን ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። ማርክ ግራኖቬተር የሚባል የማኅበራዊ ኑሮ ሊቅ በቦስተን አቅራቢያ ባለችው በኒውተን ከተማ በሙያና በአስተዳደር ሥራ ላይ ያሉና በቅርቡ ሥራ የለወጡ ሰዎችን መረመረ። ሥራቸውን በትውውቅ ያገኙትን፤ ወሬውን የነገራችሁን ሰው በዚያን ጊዜ ምን ያህል ታገኙት ነበር? ብሎ ጠየቃቸው። ያን ሰው አዘውትረው ያገኙት የነበሩት ከመቶ 17 እንኳ አልሞሉም። አልፎ አልፎ ያገኙት የነበሩት ከመቶ 55 በላይ ሲሆኑ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ወይም ከዚያ ያነሰ ያገኙት የነበሩት ደግሞ ከመቶ 28 ያህል ሆነው ተገኙ። ይኸውም በ1973 ታትሞ ወጣ። ወሬውን ያመጣላቸው ሰው ብዙ ጊዜ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛ ወይም የቀድሞ የሥራ ባልደረባ ወይም አሠሪ ነበረ እንጂ የዕለት ወዳጅ አልነበረም።

የዚህም ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከአንድ ማዕድ የሚበሉ ሰዎች የሚሰሙት ወሬ አንድ ነው፤ የቅርብ ወዳጃችን የሚያውቀውን እኛም አስቀድመን አውቀነዋል። የሩቅ ትውውቅ ግን በሌላ መሥሪያ ቤት፤ በሌላ ሰፈር፤ ከሌላ ሰው ጋራ ስለሚውል እኛ ያልሰማነውን ይዞልን ይመጣል።

ከዚያ ወዲህ በ2022 ሌሎች ሊቃውንት ይህንኑ ነገር በሰፊው መረመሩት። ሊንክድኢን በሚባለው፤ ባለሙያዎች ስማቸውንና ሙያቸውን በሚያስመዘግቡበት የበይነ መረብ ገጽ ላይ የ20 ሚሊዮን ሰዎችን ትውውቅ አምስት ዓመት በሚሆን ጊዜ ተከታትለው፤ ወደ አዲስ ሥራ ለመሻገር ይበልጥ የጠቀመው የሩቁ ትውውቅ መሆኑን አረጋገጡ። ሁለት ነገር ግን ጨመሩበት። አንደኛው፤ ትውውቁ ጨርሶ የላላ እንደ ሆነ ጥቅሙ መልሶ ይቀንሳል፤ የሚበጀው መካከለኛው ነው። ሁለተኛው፤ የሩቁ ትውውቅ ይበልጥ የሚረዳው በዘመናዊ የኮምፒዩተር ጥበብ በሚሠሩት ሙያዎች ሲሆን፤ ይህ ጥበብ እምብዛም ባልገባባቸው ሥራዎች ግን የቅርብ ወዳጅ የተሻለ ይረዳል። ስለዚህ ስሙን በዚያ ገጽ ላይ ጽፎ በሺህ ከሚቈጠሩ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋራ የተዛመደ ተማሪ ብዙ ሰው አወቅሁ ብሎ አይታለል።

ይህ ነገር ለአገራችን ልጆች ይልቁንም ያስፈልጋል። ለምሳሌ የካፒታል ገበያ አዋጅ በ2013 ዓ.ም. ወጥቶ፤ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራውን በይፋ ጀመረ። የአክሲዮን ድርሻ የሚያሻሽጡ፤ የኩባንያን ሀብት የሚመረምሩና የሚያማክሩ ሠራተኞች የሚፈለጉበት መስክ ተከፈተ። አባት በዘመኑ ያላየውን ሥራ ለልጁ ሊያመለክተው አይችልም፤ ስለ እንዲህ ያለው ሥራ የሚነግረው በዚያ ውስጥ የሚውል ሰው ብቻ ነው።

ትውውቅ ስንል ግን አማላጅ መላክ ማለታችን እንዳልሆነ አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን። አማላጅ የሚላከው ብዙውን ጊዜ ያልተገባውን ለማግኘት ነው፤ ትውውቅ ግን ወሬንና ምክርን ይሰጣል፤ ሥራውን በችሎታው የሚያገኘው ልጁ ራሱ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና እንዲፈተኑና ከመቶ 50 እንዲያገኙ መደረጉ፤ ዕውቀት ሳይኖር ትውውቅ ብቻውን እንደማያቆም ያስረዳል። በአባቱ የስልክ ቃል ብቻ የተቀጠረ ልጅ ግን ቢያለማም ቢያጠፋም የእገሌ ልጅ እየተባለ ይኖራል እንጂ በስሙ አይጠራም። አባቱም ከሹመቱ በወረደ ቀን ልጁ የሚደገፍበትን ያጣል። ልጁን የሚወድ አባት ይህን አስቀድሞ ሊያስብ ይገባዋል።

እንግዲህ ተማሪው ምን ያድርግ? በመጀመሪያው ዓመት ትምህርቱን አጥብቆ ይያዝ፤ መምህራኑንም ከክፍል ውጭ ለመጠየቅ አይፈር። በሁለተኛው ዓመት በአንድ የተማሪዎች ማኅበር ገብቶ ገንዘብ መያዝን ወይም ስብሰባ ማዘጋጀትን የመሰለ ሥራ ይቀበል፤ ታማኝነት የሚታወቀው በትንሽ ኃላፊነት ነውና። በሦስተኛው ዓመት በክረምት ወራት በባንክ ወይም በሒሳብ መርማሪ ቤት ወይም በነጋዴ ሱቅ ውስጥ የሥራ ልምምድ ያድርግ፤ ደመወዙ ቢያንስ ወይም ባይኖር የሚያተርፈው ሰውንና ሥራን ማወቅ ነው። የመጨረሻው ዓመት ሲደርስ ከርሱ በፊት የተመረቁትን ፈልጎ ይጠይቅ።

የአጠያየቁም ሥርዓት ቀላል ነው። አጭር ደብዳቤ ወይም ኢሜል ጽፎ ማንነቱንና የሚማረውን ይገልጻል፤ ሃያ ደቂቃ ብቻ እንዲሰጡት ይለምናል። በተቀጠረበት ሰዓት ሳያዛንፍ ይገኛል። በዚያ ጊዜ ሥራ ስጡኝ አይበል፤ እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሰማ ሰው ሥራ የለኝም ብሎ ነገሩን ይዘጋዋልና። ይልቁንስ ወደዚህ ሙያ እንዴት ገቡ? እኔ ዛሬ ምን ልማር? ከዚህ ቀጥሎ ከማን ጋራ ብነጋገር ይበጀኛል? ብሎ ይጠይቅ። ይህ የኋለኛው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል፤ አንዱን በር ወደ ሌላው በር ያደርሳልና። በማግሥቱ የምስጋና ቃል ይላክ፤ የሰማውንም በማስታወሻ ደብተሩ ይጻፍ። ከጥቂት ወራት በኋላ በተሰጠው ምክር ምን እንደ ሠራ ቢገልጽ፤ መካሪው ድካሙ በከንቱ እንዳልቀረ አይቶ ሌላ ጊዜም ያስታውሰዋል።

ደግሞም ከታላላቆች ጋራ ለመተዋወቅ ሲሮጥ አብሮት በአንድ ወንበር የሚቀመጠውን አይናቅ። ዛሬ እርሳስ የሚዋሰው ጓደኛ ከሃያ ዓመት በኋላ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ሊሆን ይችላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፤ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» እንደሚባለው፤ የሰማውን የሥራ ማስታወቂያ ለጓደኞቹ የሚያካፍል ተማሪ ከጓደኞቹም ይሰማል። የሰማውን የሚደብቅ ግን የራሱን ብቻ ይዞ ይቀራል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን አንድ ነገር አለ። በአዲስ አበባ ከባለ ሥልጣን ቤት የተወለደ ልጅ የኩባንያ ዲሬክተሮችን በአባቱ ቤት በግብዣ ላይ ያገኛል። ከገጠር በራሱ ድካም ዩኒቨርሲቲ የደረሰ ልጅ ግን በማዕርግ ቢመረቅ እንኳ የሚያውቀው መምህሮቹንና ጓደኞቹን ብቻ ነው። ወደ ሥራ የሚያደርሰው የሩቅ ትውውቅ ከሆነ ይህ ልጅ የጎደለው ችሎታ አይደለም፤ የሚያየው ሰው ነው። ሴቶች ልጆችም እንዲሁ ናቸው፤ ወንድሞቻቸው ከሰው ጋራ በሚውሉበት ሰዓት እነርሱ ወደ ቤት ሥራ ይጠራሉ። ችሎታ ያላቸውን እነዚህን ልጆች ሳናያቸው ብንቀር የሚጎዳው መሥሪያ ቤታችንም ጭምር ነው።

ስለዚህ በመንግሥትም በኩባንያም ሥራ ላይ ያላችሁ አንባቢዎቻችን ሆይ፤ በወር አንድ ሰዓት ለአንድ የማታውቁት ተማሪ ብትሰጡ ከሥራችሁ የሚጎድል የለም። በየዓመቱ ሁለት ተማሪዎች በመሥሪያ ቤታችሁ እንዲለማመዱ ብትቀበሉ፤ አንዱ የምታውቁት ሰው ልጅ ቢሆን ሌላው ማንም ያልላከው ይሁን። ወላጆችም ለልጃችሁ ስልክ ከመደወል ይልቅ ልጃችሁ ራሱ ደብዳቤውን እንዲጽፍ ተዉት፤ እንግዳ በመጣ ጊዜ ወንዱንም ሴቷንም ልጅ አስቀምጡ፤ እንዲያዳምጡና እንዲጠይቁ ፍቀዱላቸው። ገንዘብና ሹመት ሊያልፍ ይችላል፤ ሰውን በአክብሮት ቀርቦ የመጠየቅ ልማድ ግን ለልጅ ሲተርፍ የሚኖር ሀብት ነው።