ተሽቢህና ኢስቲዓራ፦ በ«እንደ» ላይ የቀረበ ማብራሪያ

በላሊበላ ዙሪያ ያለ የላስታ ገበሬ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ አሻቅቦ «ጉሙ እንደ ጋቢ ሸፈነው» ቢል ንግግሩ ተሽቢህ ነው። «ተራራው ጋቢውን ደረበ» ቢል ግን ጉሙ ስላልተጠራ ኢስቲዓራ ይሆናል።

አሻሚው «ጉሙ ጋቢ ነው» የሚለው ነው። የአማርኛ መማሪያዎቻችን ተለዋጭ ዘይቤ ይሉታል፤ ዐብዱል ቃሂር አል-ጁርጃኒ (ያረፉት በ471 ሂጅራ) ግን ሁለቱም ወገኖች ስለተጠሩ ከተሽቢህ ይመድቡታል። በሱረቱል በቀራህ 187ኛ አንቀጽ ባልና ሚስት በልብስ መመሰላቸው ከዚሁ ነው። በሱረቱ መርየም 4ኛ አንቀጽ ግን የነቢዩ ዘከሪያ ሽበት ከእሳት በተዋሰ ግስ ተገልጿል፤ እሳቱ ራሱ አልተጠራም። በደርሳችን «እንደ እሳት» ብለን ማብራራት እንችላለን፤ «እንደ»ን ከአንቀጹ ትርጉም ውስጥ ማስገባት ግን ሰሚው የእኛን ቃል የቁርኣን ቃል አድርጎ እንዲይዘው ያደርጋል።