ዲስኩ «አልነበብም» ሲል

ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኩን ሰክቶ ፎልደሮቹ ይከፈታሉ ብሎ ሲጠብቅ «ይህን ዲስክ ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት ማድረግ ያስፈልጋል፤ ፎርማት ይደረግ?» የሚል ጥያቄ የመጣበት ሰው ብዙ ነው። የደንበኞቹን የሠርግ ቪዲዮ ገና ያላስረከበ ካሜራማን፣ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስገባ ሳምንት የቀራት ተማሪ፣ የዓመታት ሒሳቡን በአንድ ዲስክ ላይ ያከማቸ ድርጅት፣ ሁሉም ፊት የሚደቀነው ያው ጥያቄ ነው። መልሱ «አይ» ነው። ኮምፒውተሩ ያለው «ማንበብ አቃተኝ» ነው እንጂ «ዲስኩ ባዶ ነው» አላለም። የጠፋ ፋይል መልሶ የማውጣት ሙያ የቆመው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነው።

ፋይል ዲስክ ላይ የሚቀመጠው ተቆራርጦ ነው። ዲስኩ ሴክተር በሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች የተሸነሸነ ሲሆን፣ አንዱ ሴክተር በድሮዎቹ ዲስኮች 512፣ በአሁኖቹ ደግሞ በአብዛኛው 4,096 ባይት ይይዛል። ባለ 5 ሜጋባይት ፎቶ ከ1,200 በላይ ባለ 4,096 ባይት ሴክተሮችን ይወስዳል ማለት ነው፤ እነሱም አንዳንዴ ተከታትለው፣ አንዳንዴ ተበታትነው ይቀመጣሉ። የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚያውቀው ዲስኩ ላይ ለብቻው የተጻፈ ማውጫ ነው። ነገሩ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤትን ይመስላል፤ የፋይል ቁጥር የሚመዘገብበት ባሕር መዝገብ ቢቃጠል ፋይሎቹ መደርደሪያው ላይ ናቸው፣ የሚያገኛቸው ግን የለም።

ፋይል ሲሰረዝ የሚሆነውም ይኸው ነው። ኮምፒውተሩ ማውጫው ላይ «ይህ ቦታ ነፃ ነው» ብሎ ይጽፋል እንጂ ፋይሉ የተጻፈበትን ሴክተር አይነካውም። ፈጣኑ ፎርማት አዲስ ባዶ ማውጫ ይከፍታል፤ የድሮው ፋይል ከሥር ተኝቷል። ሙሉው ፎርማት ግን ሌላ ነው፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ዜሮ ይጽፍበታል፣ ከዚያ በኋላ የሚወጣ ነገር የለም። በነፃው ቦታ ላይ አዲስ ነገር የተጻፈ ዕለትም ከሥሩ የነበረው ፋይል አበቃለት። ሪከቨሪ ሶፍትዌሩን ፋይል በጠፋበት በዚያው ዲስክ ላይ አውርዶ የሚጭን ሰው ሊያድነው የፈለገውን በራሱ እጅ ይደመስሳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ እዚህ ላይ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

ማውጫው የተጎዳ ዲስክ ሁለት መንገድ አለው። የመጀመሪያው ማውጫውን መጠገን ነው። ዊንዶውስ የሚጠቀምበት ኤንቲኤፍኤስ የተባለው የፋይል አደረጃጀት የመነሻ ሴክተሩን ቅጂ በክፍልፋዩ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ የማውጫውን የመጀመሪያ መስመሮችም ሌላ ቦታ ላይ ይደግማል። መነሻው ብቻ ተበላሽቶ ከሆነ ቅጂውን ወደ ቦታው መመለስ ይበቃል፣ ፎልደሩ ሁሉ ከነስሙ ይመጣል። ፈረንሳዊው ክሪስቶፍ ግርኒየ የሠራው ቴስትዲስክ የተባለ ነፃ ፕሮግራም ይህን ያደርጋል። ሁለተኛው መንገድ ማውጫው ጨርሶ ሲጠፋ ነው። የፋይል ዓይነቶች መነሻቸው ላይ መለያ አላቸው፤ ጄፔግ ፎቶ ሁልጊዜ በታወቁ ባይቶች ይጀምራል፣ ፒዲኤፍም የራሱ አለው። የቴስትዲስክ ወንድም የሆነው ፎቶሬክ ዲስኩን ሴክተር በሴክተር እየዳሰሰ መለያ ባየበት ሁሉ ፋይል ያነሳል። የሚያሳዝነው ስምና ፎልደር አብሮ አይመለስም። አሥር ሺህ ፎቶ በቁጥር ብቻ ተሰይሞ ይቆለላል፤ ተበታትኖ የተጻፈ ቪዲዮ ደግሞ ግማሹ ብቻ ሊወጣ ይችላል። ቢሆንም የሞተ አባት ፎቶ ስሙ ቁጥር ቢሆን ምን ቸገረው!

እግረ መንገዴን፦ በእኛ አገር ፍላሽ ላይ «ፋይሌ ጠፋ» የሚባለው ሁሉ የጠፋ አይደለም። ፎልደሮችን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ ዋናውን ፋይል ይደብቀዋል እንጂ አይሰርዘውም። ቫይረሱን አጽድቶ የተደበቁ ፋይሎችን ማሳየት ብቻ ይበቃል። ኤክስተርናል ዲስክም ሲሆን ከሁሉ በፊት ገመዱን መቀየር፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መሞከር ይገባል።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ዲስኩ በአካል ጤነኛ ከሆነ ነው። ሃርድ ዲስክ ግን የሚሽከረከር ማሽን ነው። ክዳኑ ሲነሳ ፊት የሚያሳዩ የአልሙኒየም ወይም የመስታወት ሳህኖች ይታያሉ፤ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይዞራሉ። ከጎናቸው ባለው ቀጭን ክንድ ጫፍ ላይ ባለሙያዎች ሄድ የሚሉት ማንበቢያ አለ። ሄዱ ሳህኑን አይነካም። ሳህኑ ሲዞር በሚፈጥረው አየር ተንሳፍፎ በጥቂት ናኖሜትር ከፍታ ላይ ይመላለሳል፤ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ለዓይን የማይታይ አቧራ እንኳ ከዚያ ክፍተት ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ዲስኩ እየሠራ ከጠረጴዛ ሲወድቅ ሄዱ ሳህኑን ይፍቃል፤ የሚፋቀው ደግሞ መረጃው የተጻፈበት ማግኔታዊ ሽፋን ራሱ ነው። አንዴ ከተፋቀ የትኛውም ባለሙያ አይመልሰውም።

ስለዚህ ባለሙያ በመጀመሪያ የዲስኩን ድምፅ ያዳምጣል። ዲስኩ መብራት ሲያገኝ በየቅጽበቱ «ቀጭ፣ ቀጭ» ካለ ሄዱ ቦታውን ፈልጎ አጥቷል። ለመዞር እየሞከረ ሲያቃስት ብቻ ከተሰማ ሄዱ ሳህኑ ላይ ተጣብቆ ወይም ሞተሩ ተይዞ ሊሆን ይችላል። ጭራሽ ድምፅ ከሌለው ደግሞ ጥርጣሬው ከሥሩ ባለው ቦርድ ላይ ይወድቃል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኃይሉ ከፍ ብሎ ከመጣ ቦርዱ ላይ ያሉት መከላከያዎች ራሳቸውን ሠውተው ይቃጠላሉ። ይህ ከጉዳቶቹ ሁሉ የሚሻለው ነው፤ ሳህኖቹ ደኅና ናቸውና። ከዚያው ሞዴል ሌላ ቦርድ ገዝቶ መቀየር ግን በአብዛኞቹ የዘመኑ ዲስኮች አይበቃም። እያንዳንዱ ዲስክ ከፋብሪካ ሲወጣ የራሱ ልኬት በቦርዱ ላይ ባለች ትንሽ ቺፕ ይጻፋል፤ እሷን ነቅሎ ወደ አዲሱ ቦርድ ማዛወር ያስፈልጋል። «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚለውን ዲስክ ደጋግሞ መሰካትና መንቀል ግን ሄዱን ሳህኑ ላይ ማመላለስ ነው። ዲስኩን ፍሪዘር ውስጥ ማሳደር፣ በጠረጴዛ ጠርዝ መታ መታ ማድረግ የሚሉ ምክሮችም ይዞራሉ። ከፍሪዘር የወጣ ዲስክ ውስጡ እርጥበት ይቋጥራል፤ የተመታ ዲስክ ይፋቃል። ማንም ቢመክርዎ አይስሙት።

ድምፁ ደኅና ሆኖ አንዳንድ ሴክተሮች ብቻ አልነበብ ሲሉ ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ዊንዶውስ ፋይል ኮፒ ሲያደርግ አንድ መጥፎ ሴክተር ላይ ይደርስና እዚያው ይደነቀራል፤ የደከመው ሄድ በዚያች አንዲት ነጥብ ሲታገል ደኅናው ሁሉ ሳይነበብ ሊሞት ይችላል። አንቶኒዮ ዲያዝ ዲያዝ የጻፈው ጂኤንዩ ዲዲሬስክዩ የተባለ ነፃ ፕሮግራም በተቃራኒው ይሄዳል። መጀመሪያ ጤነኛውን ቦታ በፍጥነት ወደ ሌላ ዲስክ ያወጣል፣ ያቃተውን እየዘለለ በካርታ ይመዘግባል፣ ከዚያ ተመልሶ የመጥፎውን ቦታ ዳር ዳር ይቀንሳል። መብራት ቢሄድ እንኳ ካርታውን ከፍቶ ካቆመበት ይቀጥላል። ጤነኛ የአንድ ቴራባይት ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ቢነበብ ሦስት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ያልቃል፤ የታመመ ዲስክ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። ፋይል የማውጣቱ ሥራ የሚጀመረው ከዚህ በኋላ፣ በኮፒው ላይ ነው። ዋናው ዲስክ ይነቀልና ይቀመጣል።

ሄዱ የተሰበረ ዲስክ መከፈት አለበት። ይህ አየሩ በተጣራ ክፍል ውስጥ፣ ከተመሳሳይ ዲስክ ሄድ ወስዶ በመግጠም የሚሠራ ነው፤ ተራ ጠረጴዛ ላይ ለማየት ያህል መክፈት ዲስኩን መግደል ነው። ሙያው እስከምን እንደሚደርስ ያሳየው የጠፈር መንኮራኩር ኮሎምቢያ ዲስክ ነው። ኮሎምቢያ እ.ኤ.አ. የካቲት 1 ቀን 2003 ወደ ምድር ስትመለስ በአየር ላይ ስትበታተን ሰባቱም ጠፈርተኞች ሞቱ። ከወራት በኋላ ከስብርባሪው መካከል የአንድ የሳይንስ ሙከራ ሃርድ ዲስክ ተገኘ። ቦርዱ ከስሏል፣ ማሸጊያው ቀልጦ ቆሻሻ ገብቶበታል። ክሮል ኦንትራክ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ባለሙያዎች ሳህኖቹን አጥበው በሌላ ዲስክ አካል ውስጥ ገጠሙና ከመረጃው 99 በመቶ የሚሆነውን አወጡ። ዕድልም ረድቷቸዋል። ዲስኩን ያሠራ የነበረው ዶስ የተባለው የድሮ ኦፐሬቲንግ ሲስተም መረጃን ሳይበታትን አንድ አካባቢ ይጽፍ ስለነበር የተጎዳው የሳህኑ ክፍል ምንም ያልተጻፈበት ሆኖ ተገኘ። በዜኖን ጋዝ ላይ የተደረገው የዚያ ሙከራ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2008 በፊዚካል ሪቪው ኢ መጽሔት ታተመ። ከዚያችው መንኮራኩር የተገኙ ሌሎች ዲስኮች ግን ምንም አልሰጡም።

አሁን ላፕቶፕ የሚሸጠው በአብዛኛው በኤስኤስዲ ነው። ሳህን የለውም፣ ቢወድቅ አይፋቅም። ፋይል ሲሰረዝበት ግን ትሪም የተባለው ትእዛዝ ያንን ቦታ እንዲያጸዳው ስለሚነግረው፣ በሃርድ ዲስክ ከወራት በኋላም ሊወጣ የሚችለው ፋይል በኤስኤስዲ በደቂቃዎች ሊጠፋ ይችላል።

ለአማርኛ ጸሐፊ አንድ ነገር ልጨምር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በተባሉት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የተጻፉ ሰነዶች በውስጣቸው የያዙት የላቲን ኮድ ነው፤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ይታያል። ከዲስክ የወጣ የድሮ ጽሑፍ እንዲህ ሆኖ ሲመጣ «ተበላሽቶ ነው የወጣው» ብለው እንዳይጥሉት። የተጻፈበትን ፎንት ይጫኑለት።

ዲስክዎን ለባለሙያ ሲሰጡ ሥራው በኮፒው ላይ ይሠራ እንደሆነ፣ የሚወጣውም ፋይል በሌላ ዲስክ ላይ ይቀመጥ እንደሆነ ይጠይቁ፤ የራስዎን ባዶ ዲስክ ይዘው ቢሄዱ ደግሞ ይሻላል። ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ የተቆለፈ ከሆነ የመክፈቻ ቁልፉን አስቀድመው ይፈልጉ፤ ያለ ቁልፉ ሴክተሩ ሁሉ ቢነበብ አይጠቅምም። ሥራው ሲያልቅ ፋይሎቹን እዚያው ከፍተው ይመልከቱ፤ ከባለሙያው ኮምፒውተር ላይ ያለው ኮፒ እንዲሰረዝ ይጠይቁ፤ የተበላሸውንም ዲስክ ጥለው አይሂዱ።