ከሌላ አገር መጥተው የወንዝን ዳር ስለሚያጠፉ እንስሳት

በአንድ ወንዝ ዳር ከጥንት ጀምሮ የኖሩ እንስሳት፥ አዳኙም ታዳኙም፥ እርስ በርሳቸው የተላመዱ ናቸው። ታዳኙ የጠላቱን ጠባይ ያውቃል፤ መሸሻም አለው። ነገር ግን ከሩቅ አገር የመጣ አውሬ በመካከላቸው በገባ ጊዜ ይህ ሥርዐት ይፈርሳል። ለዚህም ነገር በእንግሊዝ አገር የሆነው የሚንክ ታሪክ በቂ ምሳሌ ነው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሚንክ በሰሜን አሜሪካ በወንዝና በረግረግ ዳር የሚኖር ሥጋ በል አውሬ ነው። ሰውነቱ ቀጭንና ረዘም ያለ፥ እግሩ አጭር፥ ጠጕሩም ጠቈር ያለና የሚያብረቀርቅ ነው። ወንዱ አንድ ኪሎ ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ይመዝናል፤ ሴቲቱ ግን ከዚህ ታንሳለች። በየብስ ይሮጣል፥ በውሃም ይዋኛል፤ ዓሣም አይጥም ወፍም ይበላል። ዶሮ ቤት የገባ እንደ ሆነ፥ እንደ ሸለምጥማጥ፥ ለምግቡ ከሚበቃው በላይ ይገድላል።

ይህ አውሬ ወደ እንግሊዝ አገር የመጣው በራሱ ፈቃድ አይደለም። ጠጕሩ ለካባ ስለሚፈለግ ነጋዴዎች በ1929 ዓመት አስመጥተው በሽቦ ቤት ያረቡት ጀመር። ከማርቢያው እያመለጡ የወጡት በዱር ኖሩ፤ በ1956 ዓመትም በዴቨን አውራጃ በቴይን ወንዝ ዳር በዱር መውለዳቸው ታወቀ። በ1998 ዓመት ደግሞ ለእንስሳት እንራራለን የሚሉ ሰዎች በደቡብ እንግሊዝ ካለ አንድ ማርቢያ በሺህ የሚቈጠሩ ሚንኮችን ለቀቁ። አሳባቸው ምሕረት ነበረ፤ ነገር ግን ዕውቀት የሌለበት ምሕረት አንዱን ሲያድን ሌላውን ይገድላል። ለጠጕሩ ሲባል አውሬ ማርባትን የሚከለክል ሕግ በ2000 ዓመት ወጣ። ሕጉ በወጣ ጊዜ ግን አውሬው አስቀድሞ በብዙ ወንዞች ተበትኖ ነበር።

ከጉዳቱ ሁሉ የሚብሰው በውሃ አይጥ ላይ የደረሰው ነው። የውሃ አይጥ ሣር የሚበላ፥ በወንዝ ዳር ጕድጓድ ቈፍሮ የሚኖር ትንሽ እንስሳ ነው። ጠላት ሲመጣበት ውሃ ውስጥ ጠልቆ ወደ ጕድጓዱ ይገባል። ይህ ዘዴ ከቀበሮና ከአሞራ ያድነው ነበር። ከሴት ሚንክ ግን አያድነውም፤ እርስዋ በውሃው ትጠልቃለችና፥ ሰውነቷም ቀጭን ስለ ሆነ እስከ ጕድጓዱ ውስጥ ተከትላው ትገባለች። ስለዚህ ከ1990 ዓመት አካባቢ እስከ 1998 ዓመት ባለው ጊዜ ከዐሥሩ እጅ ዘጠኙ ያህል ጠፋ። ጥፋቱ ሁሉ ግን በሚንክ ብቻ የመጣ አይደለም። ሰዎችም የወንዙን ዳር እስከ ውሃው በማረሳቸውና ረግረጉን በማድረቃቸው መሸሸጊያውን አሳጥተውት ነበር።

እንደዚሁም ኮይፑ የሚባለው የደቡብ አሜሪካ ትልቅ አይጥ መሰል እንስሳ ለጠጕሩ ተብሎ በ1929 ዓመት ገብቶ አመለጠ። እርሱም በምሥራቅ እንግሊዝ ሸምበቆውን በላ፤ የወንዙንና የቦዩን ዳር እየቈፈረ አፈረሰ። በ1981 ዓመት መንግሥት 24 አጥማጆች ቀጥሮ ሥራውን ጀመረ። አውሬውን በዐሥር ዓመት ውስጥ ፈጽመው ቢያጠፉ ከደመወዛቸው በላይ ብዙ ገንዘብ እንዲሰጣቸው ተስፋ ተሰጣቸው፤ ይኸውም አውሬው ሲያልቅ እንጀራቸው የሚቋረጥባቸው ሰዎች ሥራውን እንዳያዘገዩት ነው። በ1989 ዓመትም ሥራው ተፈጸመ።

ሚንክን ለመያዝ የሚደረገው ዘዴ ደግሞ እንዲህ ነው። በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ጠፍጣፋ መደብ ይሠራል፤ በላዩም ጠባብ መተላለፊያ ተደርጎ በውስጡ እርጥብ ሸክላ ጭቃና አሸዋ ይደለደላል። ሚንክ ጠባብ ቀዳዳ ባየ ጊዜ ሳይመረምር አያልፍምና፥ ሲገባ ዱካው በጭቃው ላይ ይታተማል። ዱካው ከታወቀ በኋላ በዚያው ስፍራ ሕይወቱን ሳይነካ የሚይዝ ወጥመድ ይደረጋል። የአገሩ እንስሳ ቢያዝ ይለቀቃል፤ ሚንክ ቢሆን ግን ይገደላል። በዚህ ድካም ሚንክ በጠፋባቸው ወንዞች የውሃ አይጥ ተመልሶ ይታያል።

እንግዲህ አውሬው የተፈጠረበትን ሥራ ሠራ እንጂ አልበደለም። በደሉ የሚያመጣውን ሳያስብ ያመጣው የሰው ነው። ስንጠነቀቅ የሚገባን ስለ እንስሳ ብቻም አይደለም፤ ከደቡብ አሜሪካ የመነጨው እምቦጭ የሚባለው አረም በ2011 ዓመት በጣና ሐይቅ ከታየ ወዲህ የዓሣ አጥማጆችን መንገድ ዘግቷል፤ በየጊዜው በእጅና በመኪና ቢነቀልም ተመልሶ ይበቅላል።

ስለዚህ አስተማሪዎች ተማሪዎቻቸውን ወደ መንደሩ ወንዝ ወስደው በዚያ የሚኖረውን እንስሳና የሚበቅለውን ተክል በስሙ እንዲያውቁት ማድረግ ይገባቸዋል። የአገሩን የሚያውቅ እንግዳውን ቶሎ ይለያልና። ሽማግሌዎችም በልጅነታቸው ያላዩት ፍጥረት በውሃው ዳር ቢታይ ጥቂት ሳለ ለሚመለከተው ሹም ያስታውቁ። አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።