ጠብታ ቆጣሪዋ፦ ከቆላማው ራያ ነርስ ጋር ትውውቅ

ቆቦ ላይ «ሐኪም ቤት ሄጄ ምንም ሳያደርጉልኝ መለሱኝ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ነገሩን አጣሩ። ብዙ ጊዜ ሰውዬው ተመርምሯል፣ ደሙ ታይቷል፣ የሦስት ቀን የወባ ክኒን፣ ኮአርተም፣ ተሰጥቶታል፣ አወሳሰዱም ተነግሮታል። የቀረበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ግሉኮስ አልተሰቀለለትም። ከብረት ዘንግ ላይ የተንጠለጠለ ከረጢት ካላየ ታከምኩ አይልም። ከረጢቱን አይቶ የሚረካ ዘመድ ደግሞ አጠገቡ ቆማ፣ ዓይኗን ወደ ላይ ሰቅላ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ጠብታ የምትቆጥረውን ሴት ልብ አይላትም። ማስተዋወቅ የፈለግሁት እሷን ነው።

የታወቀውን ቶሎ ልጨርስ። ነርስ በዲፕሎማ ወይም በዲግሪ ተምራ፣ የብቃት ምዘና አልፋ፣ የሙያ ፈቃድ ይዛ የምትሠራ ባለሙያ ናት። የሐኪም ረዳት አይደለችም፤ መርፌ ወጊም ብቻ አይደለችም። ሴቷን «ሲስተር» ይሏታል፤ ወንዱን ጋውን ለብሶ ካዩት «ዶክተር» ብለው ይገላገላሉ፤ እሱም ለማረም ጊዜ የለውም። ዘመናዊው የነርስ ትምህርት በአገራችን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1949 አዲስ አበባ በተከፈተው የቀይ መስቀል የነርሶች ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን ለንደን ውስጥ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ተምረው እ.ኤ.አ. በ1939 ነርስ ሆነዋል። ልጄ ነርስ ሆነች ብሎ በኀፍረት ለሚያጎነብስ አባት ይህን ሁልጊዜ እነግረዋለሁ። የልዕልቲቱ አባት ንጉሠ ነገሥቱ አላፈሩም።

ቆቦን ለማታውቁ፦ ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ጎብዬንና ሮቢትን አልፋችሁ የምትደርሱባት፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ሞቃት የራያ ከተማ ናት። በምሥራቅ የዞብል ተራሮች ቆመዋል፤ ከእነሱ ወዲያ አፋር ነው። ሜዳው ሁሉ ማሽላ ነው። በአንድ የጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ ይሰማል፤ ስለዚህ የቆቦ ነርስ ሌላ ቋንቋ ባትችል እንኳ «የት ላይ ነው የሚያምህ?» ማለትን በየቋንቋው ትለምዳለች።

ማሽላው ከሥራችን ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። ክረምቱ ወጥቶ፣ ውሃው በየጉድባው ረግቶ ወባ የሚበረታው ማሽላው እሸት በሚይዝበት ጊዜ ነው። ቀን ወፍ ይወርድበታልና ጠባቂው ወንጭፉን ይዞ ማማ ላይ ይውላል፤ ሌሊት ደግሞ ለሌባና ለከብት ሲል እዚያው ያድራል። አጎበሩ ያለው ቤት፣ ሰውዬው ያለው ማሳ። ከሁመራና ከመተማ ሰሊጥ አጭዶ የሚመለሰው ጎረምሳም ወባውን ተሸክሞ የሚገባው በዚሁ ሰሞን ነው። እናንተ መስከረምን በአደይ አበባ ታውቁት ይሆናል፤ እኛ የምናውቀው ከአልጋ በተረፉ በሽተኞች ነው።

ወባ የጸናበት ታማሚ አርቴሱኔት የሚባለው መርፌ ይጀመርለታል። መርፌው ታማሚው በገባበት ሰዓት፣ ከ12 ሰዓት በኋላና ከ24 ሰዓት በኋላ ይሰጣል። ማታ 3 ሰዓት የጀመረ ጠዋት 3 ሰዓት ይደገምለታል፤ ለዚህ ለዚህ የአገራችን አቆጣጠር ይመቻል። ዱቄቱ ከመሟሟቻው ጋር ተቀላቅሎ ጥርት እስኪል መጠበቅ አለበት፤ ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልተሰጠ ይጣላል። ያኔ ነው እንግዲህ ከወዲያኛው አልጋ «ሲስተር፣ ግሉኮሱ ቆመ!» የሚል ጩኸት የሚመጣው።

ወደ ጠብታው ልመለስ፤ የምወደው እሱን ነው።

ሐኪሙ «አንድ ሊትር በ8 ሰዓት ይግባ» ብሎ ቻርቱ ላይ ይጽፋል፤ ጽፎም ይሄዳል። በትልልቅ ሆስፒታሎች ይህን ትእዛዝ የሚፈጽም ፓምፕ አለ። እዚህ ያለው ፓምፕ የነርሷ ዓይንና የእጅ ሰዓቷ ነው። ብዙ ጊዜ በእጃችን የሚገባው የአይቪ ሴት፣ ማለትም የከረጢቱ ቱቦ፣ 20 ጠብታ ሲያወርድ አንድ ሚሊ ሊትር ይሞላል፤ ባለ 15 ጠብታም አለ፤ ስለዚህ ማሸጊያውን ሳያነቡ መጣል ክልክል ነው። በባለ 20ው እንሂድ። አንድ ሊትር 20,000 ጠብታ ነው። 8 ሰዓት 480 ደቂቃ ነው። ሲካፈል በደቂቃ 42 ጠብታ ግድም ይመጣል። አንድ አልጋ አጠገብ ሙሉ ደቂቃ የመቆም ቅንጦት ስለሌለ 15 ሰከንድ እንቆጥራለን፤ 10 ወይም 11 ከወደቀ ደኅና ነው። 14 ከሆነ የቱቦውን መቆጣጠሪያ፣ ሬጉሌተሩን፣ በአውራ ጣት እንዳይታወቅ ያህል በትንሹ ወደ ታች መጫን፣ እንደገና መቁጠር ነው።

ለሕፃናት ሌላ ቱቦ አለ፤ ጠብታው ደቃቅ ነው፣ 60ው ነው አንድ ሚሊ ሊትር የሚሞላው። የዚህ ውበቱ ስሌት አለመፈለጉ ነው። በሰዓት 25 ሚሊ ሊትር ይግባ ከተባለ በደቂቃ 25 ጠብታ ነው፤ በሰዓት 40 ከተባለም በደቂቃ 40። 60 ጠብታና 60 ደቂቃ ተጣፍተው ቁጥሩ እንዳለ ይቀራል። ይህን ያሰበው ሰው ሌሊት አድሮ የሚያውቅ ነርስ ሳይሆን አይቀርም።

አንዴ ተቆጥሮ የሚያበቃ ቢሆን ኖሮ ሙያ ባልተባለ። ታማሚው ክንዱን ሲያጥፍ ጠብታው ይቀንሳል፤ ሲዘረጋ ይፈጥናል። ለሽንት ተነስቶ ሲቆም ደም ወደ ቱቦው ይመለሳል። ከረጢቱ እየጎደለ ሲሄድ የሚገፋው ክብደት ይቀንስና ፍጥነቱ ሳይታወቅ ይወርዳል። ዘንግ ጠፍቶ ከግድግዳው ምስማር ላይ የተሰቀለው ደግሞ አልጋው ሁለት ጣት በተጠጋና በራቀ ቁጥር ሌላ ሒሳብ ነው። ለዚህ ነው አንዳንድ ነርሶች በከረጢቱ ጎን ረጅም ነጭ ፕላስተር ለጥፈው የሰዓት ምልክት የሚያሰምሩበት፦ እዚህ ጋ 4 ሰዓት፣ እዚህ ጋ 5 ሰዓት፣ እዚህ ጋ 6 ሰዓት። መብራት በጠፋበት ሌሊት በስልክ ብርሃን እያየች ውሃው ከመስመሩ በላይ ይሁን በታች አንድ ጊዜ ገልመጥ ብላ ታውቃለች። የሰዓት መስመር የሌለበት ከረጢት ባየሁ ቁጥር ተረኛዋ ማን እንደነበረች እጠይቃለሁ፤ ይህ ባሕሪዬ ወዳጅ አላበዛልኝም።

ደም ሥር ማግኘቱን ብዙ ሰው እንደ ዋናው ጥበብ ያየዋል። ከባድ ነው፣ አልክድም። በትውከትና በተቅማጥ የደረቀ ገበሬ፣ እጁ በሞፈር የጠነከረ፣ ደም ሥሩ ሸሽቶ ገብቷል። የእጅ ማሰሪያው ሲጠፋ ጓንት ተቀዶ ይታሰራል። ለምጥ የመጣች እናት ብትደማ ብለን አረንጓዴውን ወይም ግራጫውን ካኑላ እንመርጣለን፤ ለሕፃን ብጫዋን። ግን ይህ ሁሉ የሁለት ደቂቃ ነገር ነው። አስቸጋሪው ከዚያ በኋላ የሚመጣው 8 ሰዓት ነው፤ ለእሱ ደግሞ የሚያጨበጭብ የለም።

አሁን አስታማሚዎችን ልውቀስ። ለበሽተኛችሁ አዝናችሁ፣ ወይም ባጃጁ እንዳይሄድባችሁ ፈርታችሁ፣ ነርሷ ዞር ስትል ሬጉሌተሩን የምትከፍቱ ሰዎች አላችሁ። «ቶሎ ይለቅለት ብዬ ነው» ይላል ሲያዝ፣ ደግ እንደሠራ። ጸንቶበት የወደቀ የወባ ታማሚ ፈሳሽ ሲበዛበት ሳንባው ውሃ ይቋጥራል፤ በደረቅ ሜዳ ላይ ተኝቶ ይሰጥማል። 8 ሰዓት የተባለው በ1 ሰዓት ሲያልቅ «ፈጣን ሕክምና» አይባልም።

ከሁሉ የሚብሰው የተራበ ሕፃን ነው። ዝናብ በቀረበት ዓመት አንዲት አያት ቆዳው ከአጥንቱ የተጣበቀ፣ ተቅማጥ የያዘው የልጅ ልጃቸውን አዝለው መጡ። ግሉኮስ እንደማልሰቅልለት ስነግራቸው ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ወርወር አድርገው፣

«ለባለገንዘብ ነው እንዴ የምትሰቅሉት፣ ልጄ?» አሉኝ።

«እማማ፣ ልቡ አይችለውም። ደም ሥሩን ውሃ ብሞላው ልቡ ገፍቶ ማስወጣት ያቅተዋል።»

«ታዲያ በምን ሊድን ነው?»

«በእርስዎ እጅ» ብዬ ስኒ ሰጠኋቸው።

ነገሩ ስድብ መሰላቸው። ግን መመሪያው በእርግጥም እንዲህ ነው፦ እንዲህ የከሳ ሕፃን ራሱን ካልሳተ በስተቀር ሬዞማል የሚባለው ፈሳሽ በአፉ ይሰጠዋል፤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት በየግማሽ ሰዓቱ፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 5 ሚሊ ሊትር። 6 ኪሎ ከሆነ 30 ሚሊ ሊትር፤ የቡና ስኒ አይሞላም። ነርሷ ከእያንዳንዱ ስኒ በፊት ትንፋሹንና የልብ ምቱን ትቆጥራለች። ትንፋሹ በደቂቃ በ5፣ የልብ ምቱ በ25 ጨምሮ ከተገኘ ታቆማለች፤ ፈሳሹ በዝቷል ማለት ነው። አያትየዋ ሌሊቱን በማንኪያ ሲያጠጡ አደሩ፤ እኔ እየተመላለስኩ ደረቱን ስቆጥር አደርኩ። ጠዋት ሕፃኑ አለቀሰ፤ በእንባ። እሳቸው ግን ከክፍል ሲወጡ ለጎረቤታቸው ሲናገሩ የሰማሁት «ውሃ ብቻ ነው የሰጡን» የሚል ነው።

ለመሆኑ በከረጢቱ ውስጥ ምን አለ? ብዙ ጊዜ ግሉኮስ ጭራሽ የለም። ከሚሰቀለው ውስጥ አብዛኛው በሊትር 9 ግራም የገበታ ጨው የሟሟበት ንጹሕ ውሃ ወይም ሪንገር የሚባለው የጨዎች ድብልቅ ነው። በርግጥ ግሉኮስ የሆነው፣ 5 ፐርሰንት የሚባለው፣ በሊትር 50 ግራም ስኳር አለው። ይህ አንድ ተኩል ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ የሚገኘው ነው፤ ጉልበቱም 200 ካሎሪ ገደማ። አንድ ሙሉ እንጀራ ይበልጠዋል። ደም አይሆንም፣ ደም አይተካም፣ «አቅም» የሚባለውንም አይሰጥም። በወባ ራሱን ስቶ ስኳሩ የወረደ ሕፃን ሲመጣ ግን ግሉኮስ ነፍስ ይመልሳል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ጣቱን ወግተን ስኳሩን እናያለን። መድኃኒቱን አልናቅሁም፤ የናቅሁት ልማዱን ነው።

ግሉኮስ ትልቁን ሥራውን የሚሠራው ሰው በሚንቀው ቦታ፣ ለተቅማጥ በሚሰጠው የኦ.አር.ኤስ. ፓኬት ውስጥ ነው። የአንጀታችን ግድግዳ በተቅማጥ ጊዜም ቢሆን ስኳርና ጨው አብረው ሲመጡ የሚከፈት በር አለው፤ ሁለቱ ተያይዘው ሲገቡ ውሃ ይከተላቸዋል። ጨው ብቻውን ቢመጣ በሩ በደንብ አይከፈትም። ይህ ሐሳብ ከባዱን ፈተና ያለፈው እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ወቅት ነው። ሕንድ ድንበር ላይ ባለ የስደተኞች ካምፕ ኮሌራ ገብቶ የሚሰቀለው ፈሳሽ ሲያልቅ፣ ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባለ ሐኪም ስኳርና ጨው በበርሜል በጥብጦ በሽተኞቹን በየዘመዶቻቸው እጅ አስጠጣ። ከመቶ 30 ገደማ ይሞት የነበረው ወደ 4 ወረደ። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1978 ግኝቱን የክፍለ ዘመኑ ታላቅ የሕክምና እርምጃ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ጽፎለታል።

ቆቦም ይህን በራሷ መንገድ ተምራዋለች። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ደርሶባት፣ ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ውጊያው በዚያው አካባቢ ዳግም ሲነሳ፣ በሰሜን ወሎ ብዙ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ መድኃኒትም መብራትም ጠፍቶ ነበር። ከረጢት በሌለበት ጊዜ በየሰፈሩ የሚነገረው ምክር አንድ ሊትር ተፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ 6 የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው። ልሙጥ ማለቴ በማንኪያው ላይ ያልተቆለለ ማለት ነው፤ ጨው ሲበዛ ሕፃን ይጎዳል።

ስለ ደመወዙ፣ ስለሚዘገየው የዲዩቲ ክፍያ፣ ስለ ወገብ ሕመሙና ስለ ስድቡ ሌላ ጊዜ። ለጊዜው የኦ.አር.ኤስ. ፓኬት ተሰጥቷችሁ ወደ ቤት ለምትሄዱት ይህን ልበል። ዱቄቱን ግማሽ በግማሽ አታድርጉት፤ ሙሉው በአንድ ሊትር ውሃ ነው። ሕፃኑ ካስታወከ ተስፋ አትቁረጡ፤ 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ቀጥሉ። መጠጣት ካቃተው ወይም በተቅማጡ ደም ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ተመለሱ። የተረፈውን ከ24 ሰዓት በኋላ ድፉት። ቡና ውስጥ ጨምረው የጠጡ አሉ፤ በጨው ቡና መጠጣት ለወሎ አዲስ ነገር አይደለም፣ ግን ፓኬቱን ለዚያ አልሰጠናችሁም።