ስለ ጫጩት ቤት ሙቀትና ስለ አየር መዘዋወር

ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ እንደሚገኘው እንደ ደብረ ብርሃን ባለ የደጋ አገር ጫጩት የሚያረባ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈራው የሌሊቱን ብርድ ነው። ስለዚህም ቀዳዳውን ሁሉ በጭቃ ደፍኖ፥ በሩን ዘግቶ፥ ከሰል አቀጣጥሎ ይተኛል፤ ሲነጋ ግን ጫጩቶቹን ተደራርበው ሞተው የሚያገኝበት ጊዜ አለ። እሳቱ ሳያንስ ይህ ጥፋት የሚደርሰው አየር በተዘጋ ቤት ውስጥ ሙቀትን እንዴት እንደሚያመላልስ ካለመረዳት የተነሣ ነው።

አየር ሲሞቅ ይቀልልና ወደ ጣራ ይወጣል፤ እዚያ ሲቀዘቅዝ ይከብድና በግድግዳው ዳር ተመልሶ ወደ መሬት ይወርዳል። ስለዚህ ቆሞ የሚመለከተው ሰው ፊቱን ሲሞቀው፥ በወለሉ ላይ ያለው ጫጩት ይንቀጠቀጣል። ቴርሞሜትርም በግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ ቢሰቀል ያሳስታል፤ መለካት የሚገባው ከወለሉ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፥ በጫጩቱ ጀርባ ትክክል ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከማሞቂያው አጠገብ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያስፈልጋል፤ ከዚያም ላባ እያበቀሉ ሲሄዱ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነሳል።

ቤቱ ፈጽሞ ሲዘጋ፥ ከጫጩቶቹ ትንፋሽና ከኩሳቸው የሚነሣው እርጥበት መውጫ ያጣል፤ ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ሲነካም ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። የረጠበ ጭድ ከጫጩቱ ሆድ ሙቀት ይስባል፤ ዓይን የሚያቃጥል አሞኒያም ያወጣል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዝ ነው፤ ሽታ ስለሌለው ጫጩቱንም ጠባቂውንም ሳይታወቅ ይገድላል። ስለዚህ ከሰል በሚነድበት ቤት መስኮት ከቶ አይዘጋ፤ ሰውም በውስጡ አይተኛ።

መላው የከረመው አየር ከላይ እንዲወጣ፥ ነፋስም ከታች እንዳይገባ ማድረግ ነው። ከጣራው ሥር በሁለቱ ትይዩ ግድግዳዎች መስኮት ይውጣ፤ የበሩ ሥር ስንጥቅ ግን ይደፈን። ወለሉ በደረቅ ጭድ ወይም በሰጋቱራ ይሸፈን። በማሞቂያው ዙሪያ ሰሌን በክብ ይቁም፤ ነፋስ ይከላከላል፥ ማእዘንም ስለሌለው ጫጩቶቹ ተጨናንቀው አይታፈኑም።

የቀረውን ጫጩቶቹ ራሳቸው ይናገራሉ። በማሞቂያው ሥር ተከማችተው ቢጮኹ በርዷቸዋል፤ ርቀው አፋቸውን ከፍተው ቢያለከልኩ ሞቋቸዋል፤ በአንድ ወገን ብቻ ቢሰበሰቡ ነፋስ ገብቷል፤ ተበታትነው ቢበሉና ቢተኙ ደኅና ናቸው። አርቢ ሁሉ ማታ ከመተኛቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ይህን ይመልከት።