ካሳውን የበላው ማን ነው?

ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ የመሬት ወሬ ከተነሳ ማረፊያው አንድ ነው። «ገበሬው ሚሊዮን ተቀብሎ በሁለት ዓመት ጠጥቶ ጨረሰው፤ ዛሬ እርሻው ላይ በበቀለው ፎቅ ዘበኛ ነው።» አያት ብትሄዱ፣ የካ አባዶ ብትሄዱ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ እንጦጦ ግርጌ ብትወጡ ወሬው ያው ነው። ዘበኛ የሆነ መኖሩን ማንም አይክድም። በምክንያቱ ላይ ግን ተሳፋሪውም ባለሥልጣኑም እኩል ይሳሳታሉ። አንዱ ገበሬውን ይሰድባል፣ ሌላው የገንዘብ አያያዝ ሥልጠና ያዘጋጅለታል።

ሒሳቡን እንየው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ አርሶ አደር የልማት ተነሺ ካሳ የሚያሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛውን ወስዶ በ15 በማባዛት ነው። ብዙ ሰው ይህን እንደ 15 ዓመት ቀለብ ይቆጥረዋል። እንደዚያ ከተቆጠረ ገንዘቡ ቶሎ ያለቀበት ሁሉ አባካኝ መምሰሉ አይቀርም። 15 ግን የዓመታት ብዛት ሳይሆን የተገለበጠ ወለድ ነው። አንድን ለ15 ቢያካፍሉት 6.7 በመቶ ገደማ ይወጣል። ዝቅተኛው የባንክ ቁጠባ ወለድ ደግሞ ከ2010 ጀምሮ 7 በመቶ ነው። አርቃቂዎቹ አስበውበትም ይሁን ገጥሟቸው፣ ቀመሩ ለገበሬው የሚለው ይህን ነው፦ ገንዘቡን ባንክ አስቀምጥ፣ ዋናውን ሳትነካ ከወለዱ የድሮ ገቢህን ታገኛለህ።

እንበልና የአንድ ሔክታር ማሳ 20 ኩንታል ጤፍ ሰጠ፤ ኩንታሉ 10,000 ብር ይሸጣል። ወጪውን ለጊዜው እንተወው። የዓመቱ ገቢ 200,000፣ ካሳው 3 ሚሊዮን ብር ይሆናል። የባንክ ወለዱ 210,000 ነውና ሰውየው በወረቀት ላይ አትርፏል። የጤፍ ዋጋ ግን ባለበት አይቆምም። ኩንታሉ 20,000 የገባ ዕለት ያ 210,000 ብር የሚገዛው አሥር ኩንታል ተኩል ብቻ ነው። በሬዎቹን ጠምዶ ቢቆይ ኖሮ ማሳው ያንኑ 20 ኩንታል በሰጠው ነበር። መሬት ከዋጋ ጋር አብሮ የሚያድግ ሀብት ነው፤ የተተካለት ግን ቁጥሩ የማይነቃነቅ ብር ነው። ስለዚህ ዋናውን መቆንጠር ይጀምራል። ዋናው ሲቆነጠር ወለዱም ያንሳል። የሚቀጥለው ዓመት ቁንጥር ይበልጣል። ይህ እንዲሆን አንድ ጠርሙስ አረቄ አያስፈልግም።

የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ የሚያወጣው የዋጋ ንረት አኃዝ የገበያ ቅርጫቱን ኑሮ ይነግረኝ እንደሆነ እንጂ የተነሺውን ኑሮ አይነግረኝም። ጤፉን ከጎተራ ያወጣ የነበረ ሰው ከወፍጮ ቤት በኪሎ ሲገዛ የሚገጥመውን ንረት የትኛው አማካይ ይይዘዋል? በዚያው ይፋ አኃዝ እንኳ በ2014 ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ ወለዱ ግን 7።

ከአዋጅ 1161 በፊት የተነሱትማ የባሰባቸው ናቸው። አዋጅ 455/1997 የአምስት ዓመት አማካይ ገቢን በ10 ብቻ ያባዛ ነበር፤ አዋጁ ሲወጣ ዝቅተኛው ወለድ 3 በመቶ ነበር። አሥር ጊዜ 3፣ ሠላሳ። ሳንቲም ያላባከነ ቁጠበኛ ገበሬ ከወለዱ የሚያገኘው የድሮ ገቢውን ሲሶ እንኳ አይሞላም ነበር። ታክሲ ውስጥ የሚታማው በአብዛኛው ይኼ ሰው ነው።

መፍትሔው ማባዣውን ከፍ ማድረግ ነው የሚሉ አሉ። ቻይና ሞክራዋለች፤ የመሬት ሕጓ እስከ 30 እጥፍ የምርት ዋጋ ይፈቅድ ነበር። ቅሬታው ግን አልበረደምና እ.ኤ.አ. በ2019 ማሻሻያ ቀመሩን ትታ ቦታን መሠረት ወዳደረገ ዋጋ ዞረች። ችግሩ ያለው ማባዣው ላይ ሳይሆን ተባዢው ላይ ነውና። የእኛ ገማች ቤቱን፣ አጥሩን፣ ዛፉን፣ ሰብሉን ይቆጥራል። ማሳው ከአስፋልቱ ስንት ሜትር እንደሚርቅ ግን አይጠይቅም። በላይኛው ምሳሌ አንድ ካሬ ሜትር በ300 ብር ሄዷል። በአዲስ አበባ የሊዝ ጨረታ ለአንድ ካሬ የሚቀርበው ዋጋ ግን በአሥር ሺዎች ነው የሚቆጠረው። ኢኮኖሚስቱ ሪካርዶ የመሬት ኪራይ ያለው የዚህ ዓይነቱን ልዩነት ነው፤ እኔም ነገሩን ሁሉ ወደዚያ እየጎተትሁ እንደማስቸግር ወዳጆቼ ይነግሩኛል። መንግሥት «ዋጋውን ያመጣው መንገዱና መብራቱ ነው፣ ገበሬው አይደለም» ቢል እውነት አለው። ግን ፎቅ የሠራው ባለሀብትም መንገዱን አላነጠፈውም።

የይዞታ ዋስትናን በደብተር ብቻ የሚለኩም የካሳውን ጉዳይ ይስቱታል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአማራ ክልል መሰጠት የጀመረው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የድንበር ጠብን ቀንሷል፣ ሴቶችንም ባለስም አድርጓል። ጥሩ ሥራ ነው። ደብተሩ ግን የሚያስጥለው ከጎረቤት ነው እንጂ ከከተማ ፕላን አይደለም።

የዚህን የካሳ ቀመር ውጤት ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ በላዩ የተሠራውን ለሠራው ይሰጣል። ስለዚህ የእንጦጦው ሰው ገብሱን ትቶ ባሕር ዛፍ ቢተክል ሞኝ አይደለም፤ ካድሬው ሳይመጣ ማሳውን በካሬ ቆርሶ የሚሸጠውም እንዲሁ። ገዢው በሌሊት የጨረቃ ቤት ያቆማል። በየካቲት 2011 ለገጣፎ ላይ በግሬደር ከፈረሱት ቤቶች መካከል እንዲህ የተጀመሩ ነበሩ። አዋጅ 1161 ለባለይዞታው በፕላኑ መሠረት የማልማት ቅድሚያ ይሰጠዋል፤ ለፎቅ የሚሆን ገንዘብ ግን ከየት ይመጣል? አዲሱ የገጠር መሬት አዋጅ 1324/2016 የመጠቀም መብትን ለብድር ማስያዝ ፈቅዷል። ከከተማ ዳር ላለ ገበሬ ግን የባንኩ ብድር ኦፊሰር መጀመሪያ የሚያሰላው ማሳው ነገ ቢወሰድ የሚከፈለውን ሳይሆን አይቀርም፣ የሚያበድረውም ከዚያ በታች ነው የሚሆነው።